ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም

ባለፈው ሳምንት የላፕቶፔ ስፔስ ባር አልሰራ አለኝ። ሌላ ምንም አልሆነም። ብቻ የምጽፈው ሁሉእንዲህእየተጣበቀአስቸገረኝ። ምን እንደተባልኩ መቼም አይጠፋችሁም።

«ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያዘዘልኝ ጎረቤቴ ነው። ቀጥሎ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ ከጎናችን የተቀመጠ፣ እኔንም ላፕቶፑንም አይቶ የማያውቅ ሰውዬ። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ላፕቶፕ ታቅፌ በስፖኪዮው አየኝና «ፎርማት አላስደረጉትም እንዴ ጋሼ?» አለኝ፤ ልጁን ሳያስከትብ እንደቀረ አባት አፈርኩ። ኧረ ባሕር ዳር ምን ጎደላት! ስክሪን ቢሰነጠቅ ፎርማት። ቻርጀር ቢቃጠል ፎርማት። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢል እንኳ «ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ» የሚል ጀግና አናጣም። እንዲህ ያለ መድኃኒት በእጃችን እያለ ጣናን እምቦጭ ሲወረው ቆመን ማየታችን ይገርመኛል።

ወሰድኩት። ባለሙያው ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ዊንዶውሱ አርጅቷል» አለኝ።

«ዊንዶውስ ምንድን ነው?» አልኩት፤ ጠፍቶኝ ሳይሆን ለተንኮል።

«ዊንዶው ማለት መስኮት ነው ጋሼ። የእርስዎ 10 ነው፤ አሁን 11 መጥቷል። መስኮት ሲጨመር አየር ይገባል፣ ማሽኑ አይግልም።»

«ሊኑክስስ?»

«ያ ፔሊካን ያለበት? እሱ ነፃ ስለሆነ ጥሩ አይደለም።»

የሊኑክስ ምልክት የሆነው ፔንግዊን የጣና ዜግነት አገኘ ማለት ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሆኖ ጀምሮት ለዓለም በነፃ ለቀቀውና በዚሁ ረከሰ። ጥሩው፣ ተሰርቆ የመጣው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት አድርጉኝ» እያለ የሚለማመነን ነው።

የመስኮቱ ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በመስኮት ቆጠራ ከሄድንማ ይሄ ዊንዶውስ የሚሉት ቤት ጉድ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ዘጠና አምስት መስኮት ነበረው። ከ3 ዓመት በኋላ 98 ሆነ፤ ይሁን፣ 3 መስኮት የአቅም ጉዳይ ነው። ከዚያ 2000! ባለ 2000 መስኮት ቤት አስቡት እስቲ፤ መጋረጃውን ማን ያጥበዋል? ባለቤቱም መቁጠር ሰለቸውና ኤክስፒ ብሎ ተገላገለ። ቀጥሎ ቪስታ ብሎ ግድግዳውን ጭምር ቢያነሳው ሰው በብርድ አለቀ። በፈረንጆቹ 2009 ደንግጦ ግንበኛ ጠራ፣ 7 ብቻ አስቀርቶ ሁሉንም ደፈነው። 8 አደረገ። ከ8 ደግሞ ዘሎ 10! 9ኛዋን ቁራሌው ሳይወስዳት አይቀርም። ያቺን 10ም ቢሆን ሠሪው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉን አቁሞባታል፤ ልጁ ይህን ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ ተነስቼ እጅ እነሳው ነበር። እሱ ግን አየር ይገባል አለኝ።

በማግስቱ ተቀበልኩ። አዲስ ሆኗል። በጣም አዲስ። ዴስክቶፑ ላይ «እማዬ» የሚል ፎልደር ነበረኝ፣ የመጨረሻ ፋሲካዋን ቡና ስታፈላ ያነሳኋት። የለም። ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ቅጂ፣ አለመያዜ የኔ ጥፋት ነው፣ እሺ። ግን ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ሲ በሚባለው የኮምፒውተሩ ማከማቻ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሲ ሲጠረግ አብሮ እንደሚጠረግ፣ በዚህ እንጀራ የሚበላ ሰው እንዴት አያስበውም? «ጋሼ፣ የሚፈልጉት ፋይል አለ?» አራት ቃል ነው። አራት! ይህቺን መጠየቅ የከበደው ሰው የሰው ዕቃ ባይነካ ይሻለዋል።

ስፔስ ባሩስ? አሁንምአልሰራም። ንዴቴን ልወጣ ላፕቶፑን ገልብጬ ነቀነቅኩት። አንዲት የገብስ ቆሎ ዱብ አለች።

ከፎርማቱ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ስኒ ውስጥ ባክአፕ አድርጌ አስቀምጫታለሁ።