ጥላውን ራሱ የሚመርጥ ውሻ

«የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት ምን ያደርገኛል?» ብዬ ነበር አሪዞና፣ ፊኒክስ የገባሁት። ለራሴ አልተሳሳትኩም። ቀትር ላይ ጥላ ይዞ መቀመጥን፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣትን፣ ሥራን በጠዋት መጨረስን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ያደገ ነው። የተሳሳትኩት በውሻዬ ነው።

ሚሎን ወደ ቤት ያመጡት ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ገመዱን አስሬለት ይዤው ወጣሁ። ሰዓቱን የመረጥኩት በድሬዳዋ ልማድ ነው። ድሬ 11 ሰዓት ሲሆን ጀምበሯ ታዘቀዝቃለች፣ ነፋሱ ይመጣል፣ ቀኑን ቤት ተከቶ የዋለው ሰው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ብቅ ብቅ ይላል። ፊኒክስ ግን በዚህ ወቅት የቀኑ ሙቀት ጣራ የሚነካው ገና ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለው አስፋልትም ጀምበር ጠልቃ እንኳ ለሰዓታት አይበርድም።

ጥቂት እንደሄድን ሚሎ ቆመ። አንዱን እግሩን ያነሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ወዲያው ሌላውን ያነሳል። የሰነፈ መስሎኝ ገመዱን ሳብ አደረግኩት። ያችን ሳብ ማድረጌን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ከበራቸው ላይ ሆነው ጮሁብኝ፤ «የእጅህን ጀርባ መንገዱ ላይ አሳርፍና እስከ ሰባት ቁጠር!» ሦስት ሳልደርስ እጄን አነሳሁ። ውሻውን ታቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሁለት እግሮቹ መዳፍ ቆዳ ተገሽልጦ ሥሩ ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር። ሐኪሙ አጥቦ፣ ቀብቶ፣ በፋሻ ጠቀለለለት፤ ከሳምንት በላይ እያነከሰ ከረመ።

የውጪው አየር 43 ዲግሪ ሲሆን አስፋልቱ 65ን እንደሚያልፍ የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ከተማ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ወድቆ ቶሎ የሚያነሳው ካጣ ቆዳው ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፊኒክስ 31 ቀን በተከታታይ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆናለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቡቺ በሐሳቤ ይመላለሳል። ልጅ ሳለን ግቢያችን የነበረ ውሻ ነው። እውነቱን ለመናገር ማንም ስለ እሱ ተጨንቆ አያውቅም። ሐኪም ዘንድ አልተወሰደም፣ የተረፈ ይጣልለታል፣ ቤት ከገባ ይባረራል። ነገር ግን ቡቺ ልቅ ነበር። ረፋዱ ላይ ከአጥሩ ሥር ይተኛል። ፀሐይዋ ስትዞር እሱም ይዞራል። ቀትር ላይ የቧንቧውን ሥር በእግሩ ቆፍሮ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ሆዱን ለጥፎ ይጋደማል። እናቴ «ኧረ ጭቃ አደረገው!» ብላ ትቆጣው ነበር። ምን እያደረገ እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ። ውሻ እንደ ሰው ላብ አያልበውም፤ ትንሽ የሚያልበው መዳፉ ላይ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ፣ ምላሱ ላይ ያለውን እርጥበት በማትነን ነው። ፀጉሩ የሳሳበትን ሆዱን ቀዝቃዛ መሬት ላይ ሲለጥፍ ያ ያግዘዋል። ቡቺ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኛም አልከለከልነውም።

የሚሎ ነገር ሌላ ነው። ሚሎ ክትባቱን የወሰደ፣ ምግቡ የተመጠነ፣ ልጆቼ አቅፈውት የሚተኙት ውሻ ነው። ጥላ ግን መምረጥ አይችልም። በሩን የምከፍተው እኔ፣ ገመዱን የምይዘው እኔ፣ መኪናውን የምቆልፈው እኔ ነኝ። እኛ አበሾች እዚህ ልጆቻችን ለምነውን ውሻ ስናመጣ «ውሻ ራሱን ያውቃል» የሚለውን የአገር ቤት እምነት አብረን እናመጣለን። ራሱን የሚያውቀው ሲፈታ ነው። ያሰረው ሰው ሊያውቅለት ይገባል።

የአሪዞና ሕግ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ሙቀቱ 37.8 ዲግሪ (በእነሱ 100) ሲደርስ በፊኒክስ ከተማ የተራራ መንገዶች ላይ ውሻ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በተቆለፈ መኪና ውስጥ በሙቀት ሊሞት የደረሰ ልጅ ወይም ውሻ ያየ ሰው፣ ለፖሊስ ደውሎ፣ መስታወት ሰብሮ ቢያወጣና እስኪመጡ ቢጠብቅ በኪሳራ አይጠየቅም። ሕጉን ሳነብ በቋንቋችን «የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» የምንለው ትዝ አለኝ። ጠያቂ የሌለው ሞት ማለታችን ነው። እዚህ የውሻም ደም ጠያቂ አለው።

መኪናን ካነሳሁ አይቀር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም ሆነ ከአበሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ውሻውን መኪና ውስጥ ቆልፎ «እንጀራ ብቻ ይዤ መጣሁ» የሚል ስሰማ ዝም ማለት አቅቶኛል። ውጪው 35 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 45፣ በግማሽ ሰዓት 54 ገደማ ይገባል። መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ መተው የሚለውጠው ነገር የለም። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 አካባቢ ነው፤ 41 ካለፈ ውስጡ መጎዳት ይጀምራል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ማለክለክ ስለሚያቅታቸው ከሁሉ ቀድመው ይወድቃሉ፤ ያረጁትና የወፈሩትም እንዲሁ። ለሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ፣ ሐኪም ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፣ ማራገቢያ አዙሩበት፤ ከዚያ ውሰዱት። ድመት ደግሞ አፏን ከፍታ ካለከለከች ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ እሷ እንደ ውሻ በየዕለቱ አታደርገውም።

አገር ቤትን ግን ከፍ አድርጌ ብቻ ልተወው አልችልም። የቡቺ ዘመን አልፏል። ባለፈው ዓመት ድሬ ስሄድ ያየኋቸው የግቢ ውሾች አብዛኞቹ ቀን በሰንሰለት ታስረው ማታ የሚፈቱ ናቸው። ጨለማ ሲሆን ይበልጥ እንዲጮኹ ነው ይባላል። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ በግንቦት ቀትር የቆርቆሮ ቤት ምድጃ ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር፣ ጥላው ከሦስት ሜትር በኋላ። ውሃው ጣሳ ላይ አለ፤ ግን ጣሳው ፀሐይ ላይ ነው። የፊኒክሱን ገመድ ያየሁት እዚያም ነው፤ ሐኪሙና ሕጉ የሉም እንጂ።

መንገድ ላይ ያለው ልቅ ውሻም ሌላ አበሳ አለው። ምላሱን አውጥቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ከታየ «አብዷል!» ተብሎ ድንጋይ ይዘንብበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የሚገድል እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ሰዎቹን አልወቅሳቸውም። የማታውቁትን ውሻ አትጠጉ። ግን በሙቀት ቀን ያለከለከ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ውሃ በዕቃ አኑሮ ዞር ማለት ማንንም አይጎዳም። የቤታችንን ውሻ በየጊዜው ማስከተብ ደግሞ ለእሱም ለሰፈሩም ነው።

ታናሽ ወንድሜ ግቢም አንድ ቡናማ ውሻ እንደዚያው ታስሮ ነበር። ባለፈው ወር ስንደዋወል የሚሎን እግር ነገር ነገርኩትና «አጥርህ ግንብ ነው፣ በርህ ዝግ ነው፤ ቀን ቀን ብትፈታውስ?» አልኩት። «ሰው ይነክሳል» አለኝ። «ሰው ሲመጣ እሰረዋ» አልኩት። ዝም አለ፤ ከእኔ ጋር መከራከር ሲሰለቸው እንዲህ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በዋትስአፕ ፎቶ ላከልኝ። የውሃው ሮቶ የሚያንጠባጥብበት ጥግ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ውሻው እርጥቡ አፈር ላይ ሆዱን ለጥፎ ተኝቷል። ከሥሩ «ግቢውን ጭቃ አደረገው» ብሎ ጽፎበታል።