ማስተካከያ፦ በሐሙራቢ ሐውልት ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

ስለ ጥንታዊ የፍትሕ ምስሎች ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ፣ በጥንታዊው የባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ የሕግ ሐውልት አናት ላይ ዙፋን ይዞ የተቀመጠው ንጉሡ ራሱ እንደሆነ፣ ሐውልቱም ባቢሎን ውስጥ እንደተገኘ ገልጸን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የተቀመጠው ሻማሽ ነው፤ የፀሐይና የፍትሕ አምላክ። ከትከሻው የሚወጡትን ጨረሮች ልብ ብለን ብናይ ኖሮ ባልተሳሳትን። ሐሙራቢ የሚታየው ቆሞ ነው፤ ለአክብሮት እጁን ወደ አፉ አንሥቶ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ባለጉዳይ። አምላኩ የሚዘረጋለትም ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የሕግ ጽላት ሳይሆን ዘንግና ቀለበት፣ ማለትም የሥልጣን ምልክት ነው። (ጽላት የሚለው ግምት የሙሴን ታሪክ ከመልመዳችን የመጣ ሳይሆን አይቀርም።) ሕጉ ራሱ ከምስሉ በታች በአካድኛ ቋንቋ፣ በሽብልቅ መሰል ጽሕፈት ተቀርጿል።

2.25 ሜትር የሚረዝመውን ይህን ጥቁር ድንጋይ የፈረንሳይ ቁፋሮ ቡድን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 መካከል በሱሳ፣ በዛሬዋ ኢራን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሱሳ የምትገኝበት የጥንቱ የኤላም መንግሥት ንጉሥ ሹትሩክ ናሁንቴ ማርኮ እንደወሰደው ይታመናል። ከፊት ለፊቱ በታችኛው በኩል የተወሰኑ የጽሕፈት ዓምዶች ተፍቀዋል። አሁን ያለው ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ነው።

«የዓለም የመጀመሪያው ሕግ» ያልነውም ይታረም፤ የሱመር ከተማ የኡር ንጉሥ የነበረው የኡር ናሙ ሕግ በ300 ዓመት ገደማ ይቀድመዋል።