ማን ልበል?

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ራሴንም ጨምሬ። ዜና ላይ ይቺን አረፍተ ነገር ስንቴ ሰምታችኋታል፦ ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች ማንነትን መሰረት ያደረገ ጥቃት አደረሱ። አንድ ቃል ሁለቴ ገብቷል፣ ግን የሚያወራው ስለ ሁለት ነገር ነው። የገዳዩ ማንነት ማለት ስሙ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደላከው ነው፣ እሱ አልታወቀም። የሟቹ ማንነት ማለት ደሞ ብሔሩ ብቻ ነው፣ እሱ ታውቋል፣ ታውቆ ነው የተገደለው። ሟቹ ገበሬ ይሁን አስተማሪ፣ የስንት ልጆች አባት ይሁን አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ የየትኛው ወገን እንደሆነ ሰማን፣ የኛ ከሆነ አለቀስን ካልሆነ ቻናል ቀየርን።

ኧረ ተዉ! ማንነት እኮ ማን ከሚለው ነው የመጣው። አማርኛ ለሰው ማን፣ ለእቃ ምን ይላል። የማታውቁት ቁጥር ሲደውልላችሁ ማን ልበል ትላላችሁ አይደል፣ እስኪ ማን ልበል ተብሎ ብሔሩን የተናገረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ስሙን ይናገራል፣ ካልለያችሁት የአባቱን ይጨምራል፣ አሁንም ግራ ከገባችሁ ያ እንኳን ባለፈው ፍሪጅ የሰራሁልዎት ይላል፣ እእእ አንተ ነህ እንዴ ትላላችሁ አለቀ። ስም፣ ወላጅ፣ ሙያ፣ ከሰው ጋር ያለህ ነገር፣ ይሄ ሁሉ ማንነት ውስጥ አለ። ቋንቋና ዘርም አለበት ማን ካደ፣ ግን አሁን እሱ ብቻ ቀርቶ ሌላውን በላው። ሲጠይቁንም ማንነትህ ምንድነው ነው የሚሉን፣ በምን፣ እንደ እቃ።

እዚ ጋ እኔ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነኝ የምትሉ እያጨበጨባችሁ ከሆነ አቁሙ፣ ለናንተም አለ። ሰው ታክሲ ውስጥ ከእናቱ ጋር በእናቱ ቋንቋ ሲያወራ ፊታችሁን የምታጠቁሩት፣ ስሙ ከበዳችሁ ብላችሁ በራሳችሁ የምታሳጥሩት፣ ያም የሰው ማንነት መንጠቅ ነው፣ ባንዲራ ስለለበሰ አይቀየርም።

ሁላችሁም ሕገ መንግስቱ ነው ምናምን ትሉኛላችሁ። እሺ እሱን እናንብበዋ። የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር ብሔረሰብ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም የጋራ ባህል ይላል፣ የጋራ ቋንቋ ይላል፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ሕልውና አለን ብለው የሚያምኑ ይላል። ብለው የሚያምኑ! ባለቤቶቹ ማለት ነው፣ ጎረቤት አይደለም፣ ኬላ ላይ የቆመ ጎረምሳ አይደለም። ስልጤዎች ጉራጌ ናችሁ አይደላችሁም የሚለው ክርክር በ1993 ሲያልቅ እኮ በሕዝበ ውሳኔ የተጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም እዛ ላይ ማን ናችሁ የሚለው ጥያቄ ለባለቤቱ ነው የቀረበው። እኛ አሁን የያዝነው ግን የሰውን መልስ ከመታወቂያው ላይ አንብቦ መጨረስ ነው።

መታወቂያ ካነሳን፣ ቃሉን ራሱን እዩት፣ ሰው የሚታወቅበት ወረቀት ማለት እንጂ ማንነት ማለት አይደለም። የድሮው የቀበሌ ወረቀት ላይ ብሔር የምትል መስመር አለች፣ ስንት ሰው መንገድ ላይ በሷ ተመርጦ ከመኪና ወርዷል። አንዲት የማውቃት ልጅ አባቷ ከአንዱ እናቷ ከሌላው ናቸው፣ መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ሁለቱንም ጻፍልኝ አለችው፣ ጸሐፊው በአባትሽ ነው ብሎ ሞላው፣ እናቷን በአንድ እስክሪብቶ ገላገላት። አሁን ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አስር ጣትና አይን አንስቶ 12 አሃዝ ይሰጣል፣ ብሔር አይጠይቅም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ማሽኑ የተወውን ጥያቄ እኛ አልተውነውም።

ውጪ ያላችሁም አትሳቁ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ላይ ሐበሻ ነህ ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ አዎ ሲል ደስ ይላችኋል፣ ከዛ ከየት ነህ፣ ከአዲስ አበባ፣ አይ ቤተሰቦችህን ነው፣ እነሱም አዲስ አበባ፣ አይ ማለቴ አያቶችህስ... ሰውየው እንጀራ ሊገዛ ነው እኮ የመጣው።

ባለፈው ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። የሞቱት ሰውዬ የእድሩን ድንኳን ለአመታት ሲተክሉ የኖሩ ናቸው፣ የራሳቸውን ድንኳን ሌላ ሰው ሲተክለው ጠሞ ነበር የቆመው፣ እሳቸው ቢኖሩ ነቅለው እንደገና ነበር የሚያስተክሉት። አንድ ሰፈሩን በቅርብ የገባ ልጅ ሟች ማን ናቸው ብሎ አጠገቤ የተቀመጡትን እትዬ ጠየቀ። እትዬ ጀመሩለት፣ ድንኳን ተካይ እንደነበሩ፣ ቡና ያለጨው እንደማይጠጡ፣ በክረምት የሰው ቦይ እየዞሩ እንደሚጠርጉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ማታ ማታ ሬድዮ ጮክ አርገው እንደሚከፍቱ። ልጁ በትግስት ሰምቶ ሲጨርሱ ጠጋ አለና ድምጹን ቀነስ አርጎ "አይ እትዬ፣ ማንነታቸውን ነው የጠየቅኩት" አላቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው "እና እስካሁን ምን ስነግርህ ነበር?" አሉት።