ደርሻለሁ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት መገናኛ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ሦስት ከሩብ ሲል ደወልኩለት። «ደርሻለሁ» አለኝ። ከጀርባው የሴት ድምፅ ይሰማል። «ኧረ ሻይህ ቀዘቀዘ!» ትለዋለች። መገናኛ መሀል እንዲህ የምትቆረቆርለት ሻይ ሻጭ ካገኘ ታድሏል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ብቅ አለ። እስከዚያ ሁለት ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። አስተናጋጇ ንጹሑን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወልውላዋለች። «ወይ እዘዝ ወይ ተነስ» በጨርቅ ሲነገር እንዲህ ነው። ተናድጃለሁ። ፊደል የቆጠረ ሐበሻ ደግሞ ሲናደድ እንግሊዝኛው ይመጣበታል።

«አይ ሃቭ ዌይትድ ፎር ዩ ፎር ዋን አወር!» አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ፊቴን ማለዘብ ጀመርኩ።

«አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ነው የሚባለው» አለኝ።

ልብ በሉልኝ። ሰውየው ለቀጠሮው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቷል። ለእርማቱ ግን አንዲት ሴኮንድ አልዘገየም። 

ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም። ነገሩን አገላበጥኩት። የእኔው «ሃቭ ዌይትድ» በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፕረዘንት ፐርፌክት ይባላል፤ የእሱ «ሃቭ ቢን ዌይቲንግ» ደግሞ ኮንቲኒየሱ ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት ዓይንህን ከነገሩ መጨረሻ ላይ ስታሳርፍ ነው፤ ተሠርቷል፣ ተበልቷል፣ አልቋል። ኮንቲኒየሱ ደግሞ ዓይንህ መሀሉ ላይ ሲቀር ነው፤ ሲሠራ ነው የቆየው፣ ምናልባትም ገና ነው። እና እኔ «ዌይትድ» ስል ምን አጠፋሁ? ጥበቃዬ አልቋል። ትዕግሥቴም አብሮ አልቋል። ሰውየው ፊቴ ቆሞ ጥበቃው እንዴት ይቀጥላል? ይህ መልስ የመጣልኝ ማታ ጥርሴን ስቦርሽ ነው። ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥርስ ሲቦረሽ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኮንቲኒየሱን በደንብ አልተማርኩትም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የመብራት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ በገባበት ሰሞን ነው። ላልደረሳችሁበት፦ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ይታያል፣ የራሳችን መምህር ደግሞ እንደ እኛው ጥግ ይዞ ያያል። የፕላዝማዋ አስተማሪ ትጠይቃለች። አንድ ደቂቃ ትሰጣለች። ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። ማንም ምንም አልመለሰም። በሕይወቴ እንደዚያች ሴት ያመነብኝ ሰው የለም።

ታዲያ ያን ቀን ፕረዘንት ፐርፌክትን አጠናቀቀችና «ናው፣ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮን…» ስትል መብራት ሄደ። ክፍሉ በደስታ ጮኸ። መብራቱ ሲመጣ ፊዚክስ ላይ ደርሰዋል። ሳተላይት እንደ እኔ አይደለም፤ ማንንም አይጠብቅም።

እንዲያውም ከፕላዝማዋ በፊት እናቴ አስተምራኝ ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ነገሩ የሆነው በፋሲካ ዋዜማ ነው። ዶሮው ከነአሥራ ሁለት እንቁላሉ ተሠርቶ፣ ድስቱ ተከድኖ ሌሊቱን ይጠብቃል። እናቴ ከመተኛቷ በፊት ክዳኑን ከፈት አድርጋ በጭልፋ ጫፍ እንቁላሎቹን ቆጠረች። አሥር። ዝም ብላ እንደገና ቆጠረች። አሥር። «ሁለት ተበልቷል» አለች። ይኼ ፐርፌክት ነው። ቁጥር አለው፣ ጉድለት አለው፣ ተዘግቷል። ከዚያ ሦስታችንንም አሰልፋ «እጃችሁን!» አለች። የእህቶቼ እጅ ንጹሕ ነው። የእኔ አውራ ጣት ጥፍሩ ሥር ድረስ ቀልቷል፤ ቁሌቱ ከሩቅ ይሸታል። «አንተ! ስትበላ ነዋ የቆየኸው!» ይኼ ደግሞ ኮንቲኒየስ ነው። ስንት እንደተበላ አይናገርም፤ እጄ ላይ ያለውን ነው የሚያየው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት ቀለም የነካው እጅ እየሳሉ ገጽ የሚፈጁበትን ነገር እናቴ በአንድ ድስት ጨረሰችው። ደግሞም በኮንቲኒየሱ አልተሳሳተችም። የበላሁት አንድ ነው። ሁለተኛው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኪስ ካነሳሁ አይቀር የዘጠነኛ ክፍሉን ግማሽ ማርክም ላንሳው። ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ። ይዤው ቆይቻለሁ። የፈለጋችሁትን ምረጡ። የሚድ ፈተና ነው፤ ባዶ ቦታ ሙሉ። «አይ… ማይ ሆምወርክ። ሂር ኢት ኢዝ።» እኔ «ሃቭ ቢን ዱዊንግ» ብዬ ሞላሁ። መምህሩ በቀይ ሰረዘው። ቆይ፣ የቤት ሥራ እኮ ነው! ግማሹን ማታ ሠርቼ፣ ግማሹን ጠዋት ሰልፍ ላይ ከሰው ለመቅዳት የተነሣሁ ልጅ ከዚያ ወዲያ ምን ልጻፍ? ሄጄ ልከራከር ስል «ሂር ኢት ኢዝ ካለ ጨርሶታል ማለት ነው» አለኝ። አስረክበዋለሁ እንጂ መቼ ጨረስኩት? በዚያ ግማሽ ማርክ የተነሳ ስድስተኛ ወጣሁ። አምስተኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ቅዳሜ ሻዩ የቀዘቀዘበት ሰውዬ።

ከተረቶች ሁሉ የምወደው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሮጣል። ቆሞ የታጠቀ፣ ጨርሶ ያረፈ ሰው አንድም የለበትም። እኛን ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ አማርኛችንም ራሱ አላገዘኝም። «ልጁ ተኝቷል» ካልን ልጁ አሁንም እያንኮራፋ ነው። በእንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ካልክ ተኝቶ ነቅቷል፣ ፊቱንም ሳይታጠብ አይቀርም። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው» ስንል ደግሞ «ቢን» የምትባል ነገር አታስፈልገንም። ቃል በቃል እንወስድና «አይ አም ዌይቲንግ ሲንስ ቱ ኦክሎክ» እንላለን። ፈረንጁ ግንባሩን ይቋጥራል። ግሡ ተበላሽቶበት ብቻ አይደለም፤ የእኛ ሁለት ሰዓት የእሱ ስምንት ሰዓት ስለሆነ ነው።

«መጣሁ» የምትለውንም ቃል እንግሊዝኛ ወስዶ የት እንደሚያስቀምጣት አላውቅም። እናቴን ጎረቤት ለቡና ሲጠራት በአጥር ላይ «መጣሁ!» ትላለች። አቦሉ እየተቀዳ ነው። ሽንኩርቷን ከትፋ፣ ድስቷን ጥዳ፣ ነጠላዋን ፈልጋ በረካ ላይ ትደርሳለች። ግሡ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ተናጋሪዋ ግን ገና ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ማንም ውሸታም ብሏት አያውቅም። «መጣሁ» ማለት «ሰምቻለሁ፣ አልቀርም» ማለት ነው። ጨዋ ቃል ነው።

«ደርሻለሁ» ግን ሌላ ነው። እሱ ሞባይል የወለደው ነው። በቤት ስልክ ዘመን «ደርሻለሁ» የሚል ሰው አልነበረም። ስልኩን ካነሳህ ቤትህ ነህ፤ አለቀ። አሁን ሰው ካልሲውን አንድ እግሩ ላይ ብቻ አጥልቆ «ደርሻለሁ፣ አንተ የት ጋ ነህ?» ይልሃል። የት ጋ ነህ? እንዲያውም እሱ እኔን ፈልጎ ያጣ ነው የሚመስለው!

በግል ሲሆን እሺ ይሁን። መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው የሚብሰው። የሰፈራችን መንገድ ለቧንቧ ከተቆፈረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ሄደን ስንጠይቅ «በመሥራት ላይ እንገኛለን» አሉን። ከጉድጓዱ ውስጥ ግን የሚገኝ ሰው የለም፤ የሚገኘው እንቁራሪት ነው። ሌላ ቦታ አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ሄጄ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ከወር በኋላም «በሂደት ላይ ነው»። ፋይሉ በእግሩ ቢሄድ ኖሮ እስካሁን ሞያሌ ይደርስ ነበር። ይህን ለፈረንጅ ልተርጉመው ብል «ሃዝ ቢን ቢይንግ ፕሮሰስድ» ልል ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን አነጋገር ይሸሹታል፤ «ቢን ቢይንግ» ምላስ ላይ ይከብዳቸዋል። እኛ ግን ጠዋት ገብተን ማታ እስክንወጣ የምንኖርበት እሱ ውስጥ ነው። ማን እንደሚሠራ አይታወቅም፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ብቻ ሲሠራ ቆይቷል። ይህን የሚያርም ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ቀይ እስክሪብቶው ለእኔ «ዌይትድ» ብቻ ነው የሚወጣው።

አሁን ግን ቀልድ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት ኢንተርቪው ገባች። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉትን የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾች ዓይኗን ጨፍና የምትሞላ ልጅ ናት። ሦስቱም ጠያቂዎች ሐበሾች ናቸው። ጥያቄው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለምን? ንብረት ክፍል ውስጥ የምታናግረው ማንን ነው? ሚስማርን? ጄሶን? «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ 2008» ስትላቸው ሁለቱ ተያይተው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አይታ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አፏ ተሳሰረ። ሥራውንም አላገኘችም። ካረሙ አይቀር 2008ንም ያርሙት ነበር፤ በፈረንጅ ቢሆን 2015 ወይም 2016 ነው። እሱ አላሳቃቸውም። አላዩትማ። እነሱም በእኛው ካላንደር ነው የሚኖሩት፤ በእኛው አማርኛ ነው ቤታቸው ገብተው የሚራቡት። አንዲት «ቢን» ጎደለች ብለው ግን ይህን ሁሉ ዓመት የሠራችበትን እጅ ከእነሙያው መለሱት። ይኼ ያበሳጨኛል። ሲያበሳጨኝ ኖሯል። በየትኛውም ግሥ ያበሳጨኛል።

ስለ ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ስለ ወዳጄ። ለእውነት ያህል፣ ኋላ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ገልጬ አይቻለሁ። «ዌይትድ»ም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን እንዲያ ፊት ለፊት ቆመህ አኩርፈህ ስትናገር የሚቀናው «ቢን ዌይቲንግ» ነው። ልክ ነበረ ማለት ነው። ግማሽ ማርክ አሁንም ወሰደብኝ። ማኪያቶውን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ «ከፍያለሁ» ብሎኝ ሄዶ አስተናጋጇ በር ላይ ያዘችኝ።

ይህን ስጽፍ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሁን ሳየው ሦስት ሚስድ ኮል። የእሱ ነው። ቁጥር ስላለው ፐርፌክት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ለካ ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን። አሁን ሦስት ከሃያ ሆኗል።

አራተኛውን አነሳሁለት።

«ደርሻለሁ» አልኩትና ካልሲዬን ፍለጋ አልጋ ሥር ገባሁ።