ከንፈሩና ዘፈኑ አልገጥም አሉኝ

ሦስት ቀን ሙሉ ኤዲቲንግ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። የድምፃዊው ከንፈር ግን አሁንም ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ብሏል። ለትምህርታችን የአንድ ኢንዲ ሮክ (ያለ ትልቅ አሳታሚ በራሱ የሚሠራ) ባንድ ክሊፕ እየሠራን ነው። ሰው ሁሉ «ካሜራ ይዞ መቅረጽ ምን አለው?» ይለኛል። ያናድዳል!

ስሎው ሞሽን ፈለግን። በሰከንድ 48 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጸህ በ24 ስታጫውተው እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ ቀረጻ ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መከፈት አለበት፤ ድምፃዊውም በዚያው ፍጥነት መዝፈን አለበት። ደጋግሜ ተናገርኩ። ማን ሰማኝ? «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ተባልኩ። አይስተካከልም! ቃሉ ካለፈ በኋላ አፉ ገና እየተከፈተ ነው።

ከበሮው ደግሞ ይብሳል። ዱላው ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ትንሽ ከበሮ) ሳይነካ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል። ልዩነቱ ሁለት ፍሬም ነው፣ ከሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ። ዓይን ግን ይይዘዋል።

ይህን ዘፈን ከልቤ እወደዋለሁ። ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ቅጂውም መኝታ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው፣ ግን እውነት አለው። ልጆቹ ጣታቸው እስኪላጥ ተጫውተውታል። ታዲያ ምስሉ ላይ ስንደርስ ለምን «እንደነገሩ ይሁን» እንላለን? ነገ ካሜራውን እንደገና እጠይቃለሁ። የዘፈኑን ፈጣን ቅጂ አዘጋጅቻለሁ።