ቋሚ አይፒ መሣሪያው ላይ ስለተሞላ ብቻ አይያዝም

ወንድሜ፣ «ፕሪንተሩ ላይ አይፒውን (ኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) 192.168.1.120 ብለህ ከሞላህ ራውተሩ ቁጥሩን ለሌላ አይሰጥም» ያልከው ብዙዎች የሚያምኑት ስህተት ነው። ራውተሩ መዝግቦ የሚይዘው በዲኤችሲፒ (አይፒን ለመሣሪያዎች በራሱ በሚያድለው አሠራር) ራሱ ያከፋፈለውን ነው፤ አንተ በእጅህ የሞላኸውን ማን ነግሮት? የሚያድለው የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 200 ከሆነ፣ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ባደረ ማግስት ያው 120 ለአንድ ስልክ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ ራውተር ከመስጠቱ በፊት በፒንግ («አለህ?» የሚል አጭር መልእክት በመላክ) ይፈትሻል፣ የጠፋ መሣሪያ ግን መልስ አይሰጥም። ከዚያ ፕሪንተሩ ሲበራ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ስለሚጋጩ አንዴ ያትማል፣ አንዴ ይሰወራል፤ ሰውም ያለጥፋቱ ገመድ ሲቀያይር ይውላል።

ወይ ከ100 በታች ያለ ነፃ ቁጥር ስጠው። እኔ የምመርጠው ግን ፕሪንተሩን አውቶማቲክ ላይ ትቶ፣ ራውተሩ ውስጥ ማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ) ከ120 ጋር ማሰር ነው። ስልክ ላይ ይህን ስታደርግ ማክ አድራሻውን በየኔትወርኩ የሚቀያይረውን ቅንብር መጀመሪያ አጥፋው።