ስላይዱን እኔም ማንበብ እችላለሁ

ዛሬም ቁርሴን ትቼ እየሮጥኩ 2 ሰዓት ላይ ክፍል ገባሁ። የሮጥኩት ትምህርቱ እንዳያመልጠኝ አይደለም። ትምህርቱማ ትናንት ማታ በቴሌግራም መጥቶ ስልኬ ውስጥ አድሯል፤ 64 ገጽ ስላይድ። የሮጥኩት የአቴንዳንስ ወረቀቱ ዞሮ ሳያልቅ ለመፈረም ነው። ፈረምኩ። ዶርም ተኝተው የቀሩት ሁለት ጓደኞቼም ፈርመዋል፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መምህራችን ፕሮጀክተሩን አበሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ማንበብ ጀመሩ። ማስረዳት አላልኩም፤ ማንበብ። መስመር በመስመር፣ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ቀመሩ ከየት እንደመጣ ጠየቀች። «ቀጥሎ ይመጣል» አሏት። ቀጥሎ የመጣው ሌላ ቀመር ነው። 4 ሰዓት ሲሆን ስላይዱ አለቀ፤ እኛም ወጣን።

ማንበብ እኮ እችላለሁ! ሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ደርሻለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣነው 3.3 በመቶ ብቻ ነን። ያኔ ሰው ሁሉ ተማሪውን ሲወቅስ ከረመ፤ ሰነፍ፣ ኮራጅ፣ ስልኩ ላይ የተጣደ። እሺ፣ ይሁን። ግን የቀሩት ልጆች 12 ዓመት ሙሉ የተቀመጡት ጫካ ውስጥ ነበር? ክፍል ውስጥ አልነበረም? ስለዚያ ክፍል የጠየቀ ሰው ብዙ አልሰማሁም።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣልን። ተመራቂዎች እንዴት እንደሚዘጋጁ ባያችሁ! ማታ ማታ በየዶርሙ ተሰብስበው አንዱ ለሌላው ያስረዳል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሲቸግር በእጅ ምልክት። ቀን በእንግሊዝኛ ሲነበብልን ያልገባን ነገር ማታ በ20 ደቂቃ ይገባናል። ታዲያ ቀን የምንሄደው ለምንድን ነው? ለፊርማው።

አጎቴ በልጅነታቸው ቁራሽ እየለመኑ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ቤት ስሄድ «ለመሆኑ አንተ የቆጠርከውን ለማን ትነግራለህ?» ብለው ጠየቁኝ። በእርሳቸው ጊዜ ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርሙለታል። «እኛ 80 ነን አጎቴ፤ ስህተታችን የሚታየው ፈተና ላይ ነው» አልኳቸው። «እርሱማ መቀጣት እንጂ መታረም አይደለም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። (የዚያን ዘመን ርሃብና ቁንጫ ግን መልሱልኝ አልልም።)

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ 80 ተማሪ ማስተማር ቀላል አይደለም። ደግሞም እርሳቸውም እንዲሁ እየተነበበላቸው ሳይመረቁ አልቀሩም። የሚያበሳጨኝ ግን ማስተማር እንደሚችሉ ማወቄ ነው። አይቻለሁ!

አምና ነው። እንደተለመደው እያነበቡልን መብራት ጠፋ። ግድግዳው ጨለመ፤ እርሳቸውም ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሰሌዳ የሚያጠፉበትን የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ አነሱና በጎኑ ላይ በጠመኔ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመሩበት። ሁለቱን ጫፎች መጽሐፍ ላይ አስደግፈው መሐሉን በጣታቸው ተጫኑት። መስመሮቹ ከላይ ተጠጋጉ፤ ከታች ተራራቁ። «ቢም ማለት፣ ያ ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ፣ ይህ ነው» አሉ፣ በአማርኛ። «ከላይ ይጨመቃል፣ ከታች ይለጠጣል። ኮንክሪት ሲጨምቁት ይችላል፤ ሲለጥጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፌሮው የት ይግባ?»

«ከታች!» አልን ባንድ ድምፅ።

ቀጥለው የስፖንጁን አንድ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አጥብቀው ይዘው በአየር ላይ የቀረውን ወደ ታች ገፉት። አሁን የተራራቁት የላይኞቹ ሆኑ። «ይህ ደግሞ በረንዳ ነው። ፌሮውን ከታች ብታደርጉትስ?» ማንም አልመለሰም። ሁላችንም በረንዳው ሲወድቅ እያየነው ነበር።

እኔ ደግሞ በክረምቱ የሠራሁበት ሕንፃ ትዝ አለኝ። ፌሮ የሚያስረው ፌራዮ «የበረንዳውን ቶንዲኖ አትርገጠው፣ ይወርዳል!» ብሎ (ቶንዲኖ ያው ፌሮው ነው) ሲጮህብኝ ቁጡ ሰው ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ለካስ ሰውዬው የጮኸው ለዚህ ኖሯል! ሦስት ዓመት ሙሉ የሸመደድኩት ሁሉ በአንድ የፍራሽ ቁራጭ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከክፍሉ አንድም ሰው ስልኩን አልነካም።

መብራቱ በ25 ደቂቃ ተመለሰ። ፕሮጀክተሩ ማጉረምረም ሲጀምር መምህራችን ስፖንጁን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ከጠመኔው አራገፉ፤ ጀርባቸውን ሰጡንና ካቆሙበት ገጽ ቀጠሉ።

ነገ 2 ሰዓት ላይ ከእርሳቸው ጋር ነን። ስላይዱ አሁን ደረሰኝ፤ 71 ገጽ ነው። ሌላው ሰው መብራት እንዳይጠፋበት ሲጸልይ እኔ እንዲጠፋ እየተሳልኩ ነው።